እሁድ ከሰዓት ሲመጣ ይጨንቀኛል

ለዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሦስቱም ከአዲስ አበባ የተጻፉ ናቸው፤ ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ሰው አጣን ይላሉ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያለሁ፣ የጸሐፊውን ማንነት የሚያሳብቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 32 ዓመቴ ነው። ያደግኩት ደሴ ነው። አዲስ አበባ የመጣሁት ለዩኒቨርሲቲ ነበር፣ ተመርቄ ሥራ ስይዝ እዚሁ ቀረሁ። የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው፣ ኮዬ ፈጬ ስቱዲዮ ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ጠዋት ሳይነጋ ሰርቪስ ልይዝ እወጣለሁ፣ ማታ መሽቶ እገባለሁ፣ በሬን ቆልፌ ስልኬን እንደያዝኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ፊት ለፊቴ ያለው ቤት ማን እንደሚኖርበት አላውቅም፣ ለቅሶው ስለሚሰማኝ ሕፃን እንዳላቸው ብቻ ነው የማውቀው። ከሁሉም የሚብሰኝ እሁድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ፣ ልብሴን አጥቤ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ 8 ሰዓት ሲሆን የሚሠራ ነገር ያልቅብኛል። እናቴ ትደውልና "ምን አዲስ ነገር አለ?" ትለኛለች፣ ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባኛል። ጓደኞቼ ሁሉም አግብተዋል፣ ስደውልላቸው ልጅ እያስተኙ ነው። ቲንደር ሞከርኩ፤ ግማሹ ሚስት ያለው ነው፣ ግማሹ "ቤትሽ የት ነው?" ብሎ ነው የሚጀምረው። የቴሌግራም የትዳር ቻናል ላይም ከፍዬ ተመዝግቤ ነበር፣ የሚጽፍልኝ ሰው ከሳምንት አያልፍም። ችግሩ እኔ ላይ ነው? ፍቅር በዚህ ከተማ እንዴት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ አንቺ ላይ መሆን አለመሆኑን ሳላውቅሽ ልመሰክር አልችልም። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ወንድ የሚባል ነገር የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ በር ነው፣ ቁልፍ ነው፣ ስልክ ነው፣ የማታውቂያቸው ጎረቤቶች ናቸው። በመጀመሪያ የቸገረሽ ሰው ነው፣ ማንኛውም ሰው። ባል ደግሞ ከሰው መሃል ነው የሚመጣው። በሰው ሳትከበቢ ባል ልትፈልጊ ስትወጪ፣ አንድ የማታውቂው ሰው ፊት ማኪያቶ ይዘሽ ተቀምጠሽ ቃለ መጠይቅ ይሆንብሻል፤ እሱም ይፈራል፣ አንቺም ትፈሪያለሽ፣ በሳምንቱ ይጠፋል።

ድሮ ይሄን ሥራ ሰፈር ነበር የሚሠራልን። ካዛንቺስ ወይም ጉለሌ ያደገች ልጅ ባል ፍለጋ አትወጣም ነበር። ቦኖ ውሃ ትቀዳለች፣ ሱቅ ትላካለች፣ ልቅሶ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አንድ ልጅ ደግሞ በየቀኑ ያያታል። ሰላም ሊላት እስኪደፍር ድረስ መቶ ጊዜ አይቷታል። እሷም እናቱን ታውቃለች፣ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ታውቃለች፣ ከማን ጋር እንደተጣላ ታውቃለች። ለጥምቀት ጃንሜዳ ላይ ሎሚ ቢወረውርባት ከሰማይ የወረደ እንግዳ አይደለም። (ድሮን እያሞገስኩ አይደለም። ያ ሁሉ ዓይን የስንቷን ልጅ ስም አጥፍቷል፣ ስንቷን ላልፈለገችው ድሯል። ሥራውን ይሠራ ነበር ነው የምልሽ።)

ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ቤት በዕጣ ሆነ። ዕጣ ደግሞ ጎረቤት አይመርጥም፤ የመርካቶውን ከሽሮ ሜዳው፣ የቄራውን ከኮተቤው ጋር አንድ ደረጃ ላይ አስቀመጠ። ባለዕጣው ቤቱን አከራይቶ ሄደ፣ ያንቺ ዓይነት ተከራይ ገባ፣ ኪራይ ሲጨመርበት እሱም ወደ ሌላ ሳይት ተነሳ። አሁን በቅርቡ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ አብሮ የኖረ ሰው እየተነሳ ከተማው ዳር ተበትኗል። ስለዚህ ፊት ለፊትሽ ያለችው የሕፃኑ እናትም አንቺን አታውቅሽም። ምናልባት ለባሏ "ያቺ ኩራተኛ ልጅ" እያለች ነው የምታወራልሽ።

እንግዲህ ሰፈር በነፃ ይሰጠን የነበረውን አንቺ አስበሽበት ልትሠሪው ነው፣ ሌላ መንገድ አልታየኝም። እድር ግቢ። አውቃለሁ፣ "በ32 ዓመቴ እድር?" ልትይ ነው። ተከራይ ነኝ፣ ነገ እለቃለሁም ትያለሽ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን ይላል፤ በ2 ዓመት አንድ ብሎክ ሰው በደንብ ይለመዳል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ማታ ደግሞ አለ አይደል፣ ያን ማታ ብሎኩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ደረጃ ላይ ነው፣ ፒጃማ የለበሰው፣ ነጠላ የጣለው፣ ልጅ ያዘለው። ስልክሽን ቤት ትተሽ ውረጂ። አንድ ጀሪካን የከበዳቸው እናት አይጠፉም፣ እጀታውን ያዢላቸው። ከዚያ በኋላ ስምሽን ይጠይቁሻል፣ አገርሽን ይጠይቁሻል፣ ሦስተኛው ጥያቄ "አላገባሽም እንዴ?" ነው። ያ ጥያቄ ያናድዳል፣ እኔንም ያናድደኛል፣ ግን ያንቺ ጉዳይ ከአፍ ወደ አፍ መሄድ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

እሁድ 8 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ቡና ቁዪ። ሽታው ደረጃው ላይ ይውረድ። ከዚያ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኪና "ቡና እያፈላሁ ነው፣ ኑ" በይ። የመጀመሪያ ቀን "ሌላ ጊዜ" ይሉሻል። ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ደግመሽ አንኳኪ።

እናቶች ጋር ቡና ስጠጣ ልውል ነው ወይ ካልሽኝ፣ አዎ፣ ትንሽ ጊዜ። እናቶች ወንድም አላቸው፣ የእህት ልጅ አላቸው፣ መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ "ለዚህ ልጅ ምን ዓይነት ሴት ላግኝለት" እያሉ የሚጨነቁለት ጎልማሳ አለ። ለዚህ ሥራ እነሱን የሚያክል አፕ እስካሁን አልተሠራም። ከዚህ ጎን ለጎን በሳምንት አንድ ቀን ሳትቀሪ የምትሄጂበት አንድ ቦታ ይኑርሽ። ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ የሚወጡ የእግር ጉዞ ቡድኖች ይሁኑ፣ መዘምራን ይሁን፣ መቄዶንያ ሄዶ አረጋውያንን መንከባከብ ይሁን፣ ያንቺ ምርጫ ነው። ዋናው አንድ ቦታ፣ ያው ሰው፣ በየሳምንቱ። አንድ ጊዜ የእግር ጉዞ፣ አንድ ጊዜ ሥዕል፣ አንድ ጊዜ ጂም እያልሽ ብትዘዋወሪ ያው እንግዳ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ሰው ሦስት አራት ጊዜ ካላየሽ ዓይኑ ላይ አትቀሪም።

ማግባት እፈልጋለሁ ብለሽ ደግሞ ለማን ተናግረሻል? እንደገመትኩት ከሆነ ለማንም። የተማረች ሴት እንዲህ ብላ መናገር ነውር ይመስላታል፣ ስለዚህ የማያውቃት ሰው በሞላበት ቻናል ላይ ከፍላ ትመዘገባለች። ለምታምኛቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ሳትሽኮረመሚ ንገሪያቸው፤ ላገባችው ጓደኛሽ፣ ለባልደረባሽ፣ ለእናትሽም። እናትሽ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ስትልሽ "ምንም" ከምትያት "የምታውቂው ጨዋ ልጅ አለ ወይ?" በያት። እልልታዋ ከደሴ ይሰማል። ይዛልሽ የምትመጣውን ሁሉ ታገቢያለሽ ማለት አይደለም፣ አይተሽ እምቢ ማለት ይቻላል።

ቲንደሩንም አጥፊው አልልሽም፣ እሱን ብቻ አትጠብቂ። ከወር ጽሑፍ የአንድ ሰዓት ቡና ይሻላል፣ ስለዚህ ቶሎ ተገናኙ፣ በቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ። ኮዬ ድረስ እንዲመጣ አትፍቀጂ፣ አንቺም የእሱ ሰፈር አትሂጂ፤ ከሥራ በኋላ ቢሮሽ አጠገብ ይሁን። አግብቶ እንደሆነ ፊት ለፊት ጠይቂው። ነገሩ ጠንከር እያለ ከመጣ ደግሞ ያላገባ ማስረጃ የሚባል ወረቀት አለ፣ ወረዳ ሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሚወጣ ነው። ያንን ስትጠይቂው የሚቆጣ ሰው መልሱን ሰጥቶሻል።

አንድ ምክር ደግሞ ማንም የማይነግርሽ፦ የሰውየው ሰፈር የት እንደሆነ ቀድመሽ እወቂ። ጀሞ የሚኖር ወንድና ኮዬ የምትኖር ሴት አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው ይባላል እንጂ ያ የርቀት ፍቅር ነው። ታክሲ ሰልፍ ስንቱን ፍቅር እንደገደለ ቤቱ ይቁጠረው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? 28 ዓመቴ ነው፣ ራይድ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኜ እየዋልኩ የማወራው ሰው የለኝም፤ ተሳፋሪው ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን ያያል፣ እኔ መንገዴን አያለሁ። ሁለት ፍቅረኛ ነበረችኝ በተለያየ ጊዜ፣ ሁለቱም መኪናው የኔ እንዳልሆነ ሲያውቁ ሄዱ። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሴት የምትወደው ብር ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። አሁን ቲክቶክ ላይ ከአንዲት ዱባይ የምትኖር ልጅ ጋር ተዋውቄ ስምንት ወር ሆነን። ቪዲዮ ስላት ኔትወርክ የለም ትላለች፣ በድምፅ ግን በየቀኑ እናወራለን፣ በጣም ትረዳኛለች። ባለፈው ሳምንት ስልክና ሰዓት ልካልኝ ጉምሩክ ተይዟል፣ 18 ሺህ ብር ገቢ አድርግና ውሰድ የሚል ሰው ደወለልኝ። እሷም ክፈል፣ ስመጣ እሰጥሃለሁ አለችኝ። ልክፈል ወይ?

መልስ፦ አትክፈል። አንድ ብር አትክፈል። ይሄ ያረጀ ማጭበርበሪያ ነው፣ በሴቶች ላይ በጣም ተሠርቶበታል፣ አሁን ወንዶቹ ጋ መጥቷል። ስጦታ ተላከ ይባላል፣ ዕቃው ይያዛል፣ አንድ "የጉምሩክ ሠራተኛ" ይደውላል፣ ገንዘቡን በግለሰብ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ላክ ይላል። ከከፈልክ ደግሞ በማግስቱ ሌላ ቅጣት ይጨመራል። ቀረጥ በግለሰብ ስልክ ቁጥር አይከፈልም። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ፊቷን ያላሳየችህ ልጅ፣ በየቀኑ ለድምፅ የሚበቃ ኔትወርክ ያላት ልጅ፣ ምናልባት ልጅም ዱባይም የለችም። የደወሉልህን ቁጥሮች ያዝና ለፖሊስ ስጥ። እንደምታዝን አውቃለሁ፤ ስምንት ወር ሙሉ ማታ ማታ እንዴት ዋልክ ያለህ ድምፅ ነው የሚጠፋው፣ ያ ቀላል አይደለም።

ስለ አዲስ አበባ ሴት ያልከውን ግን አልቀበልህም። ሁለት ሴት ከተማ አይሆኑም። ደግሞ መኪናው ያንተ እንዳልሆነ መቼ ነው ያወቁት? ከመጀመሪያው ነግረሃቸው ቢሆን "ሲያውቁ ሄዱ" አትልም ነበር። ምናልባት የሄዱት ስላልነገርካቸው ይሆናል፣ እስቲ አስበው። አጠገብህ ያለችውን ሴት በብር ጠርጥረህ ርቀህ፣ አይተሃት የማታውቃትን አምነህ ስምንት ወር ኖርክ።

ብር ምንም አይደለም ብዬም አልዋሽህም። የቤት ኪራይ እዚህ በደረሰበት ጊዜ ሴት ልጅ የሰውየውን ገቢ ማወቅ ብትፈልግ አልፈርድባትም። "ምን ትሠራለህ፣ ወደፊትስ ምን አስበሃል?" የምትልህ ሴት አብራህ ልትኖር እያሰላች ነው። ገና ሳትተዋወቁ ካርድ ሙላልኝ የምትልህ ሌላ ናት፣ እሷን አንተም ታውቃታለህ። ከመጀመሪያው ቀን "መኪናው የሰው ነው፣ በቀን ይሄን ያህል ገቢ አደርጋለሁ፣ የሚተርፈኝ ይሄ ነው" በል። ያን ሰምታ የተቀመጠች ተቀመጠች። ቦሌ ካፌ መጋበዝም ግዴታ አይደለም፤ መንገድ ዳር ሁለት ስኒ የጀበና ቡና ጠጥቶ ወክ ማድረግ ይበቃል፣ እንዲያውም ሲራመዱ ወሬ ይቀላል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ መኪናውን አቁም። ሰባቱንም ቀን መሪ ላይ ከዋልክ ማን ያገኝሃል?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጅ። 61 ዓመቴ ነው፣ መምህር ነበርኩ፣ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት አለፋት። ሁለቱ ልጆቼ አሜሪካ ናቸው፣ ይደውላሉ፣ ይረዱኛልም፣ አይከፋብኝም። ቤቱ ግን ዝም ያለ ነው። ቴሌቪዥኑን ለድምፁ ብቻ ከፍቼው እውላለሁ። ሰንበቴ ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ተዋውቄ እንከባበራለን፣ ዕድሜዋ 54 ነው፣ አብረን ብንኖር ደስ ይለናል። ይህንን ለልጆቼ ብነግራቸው ወንዱ "አባዬ ሰው ምን ይላል?" አለኝ፣ ሴቷ ደግሞ እያለቀሰች "ቤቱ የእማዬ ነው" አለች። ቤቱ በዕጣ የደረሰን ኮንዶሚኒየም ነው፣ እናታቸውና እኔ አብረን ነው የከፈልንበት። ነገሩን ልተወው ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ አይተዉት። ሰው ምን ይላል ለሚለው፣ ሰው ሁለት ሳምንት ያወራል፣ ከዚያ ሌላ ወሬ ይመጣለታል። የሴት ልጅዎን ቃል ግን በቀላሉ አይለፉት፣ ግማሹ እውነት ነው። ቤቱን በትዳር ውስጥ ካፈራችሁት የባለቤትዎ ድርሻ ግማሽ ነው፤ ኑዛዜ ካልተወች ያ ግማሽ የልጆቿ ውርስ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ድርሻው ሳይነገር፣ ሳይጣራ ቆይቶ አሁን ሌላ ሴት ልትገባ ነው ሲባል ልጅቱ ብትደነግጥ አይገርምም። ስለዚህ ከሽምግልናው በፊት የወራሽነቱን ጉዳይ በፍርድ ቤት ያስጨርሱ። "የእናታችሁ ድርሻ ይኸው በስማችሁ ነው" የሚለው ወረቀት ከብዙ ስልክ ጥሪ ይበልጣል።

የእርስዎን ግማሽ በተመለከተ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ሆኖ ይቀጥላል ይላል። ቤቱን አከራይታችሁ የምታገኙት ኪራይ ግን የጋራ ይሆናል፣ ይህን ሁለታችሁም ቀድማችሁ እወቁት። የጋብቻ ውል መጻፍም ትችላላችሁ፤ በጽሑፍ ሆኖ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ምስክር የፈረመበት መሆን አለበት። በዚህ ዕድሜ ውል መጻፍ አለመተማመን አይደለም፣ ለልጆቻችሁ የሚነገር ነገር ነው።

አሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ልጆችዎ የሚፈሯት ያቺ ሴት ናት ራሷ መፍራት ያለባት። በእኛ የውርስ ሕግ ሚስት ያለ ኑዛዜ ባሏን አትወርስም፣ ወራሾቹ ልጆች ናቸው። እግዜር አያድርገውና እርስዎ ቀድመው ቢያልፉ፣ ዕድሜ ልኳን የኖረችበትን ቤት ለእርስዎ ስትል ለቃ የመጣች ሴት በ70 ዓመቷ ሻንጣዋን ይዛ ደረጃ ላይ ልትቆም ትችላለች። የራሷ ቤት ካላት እንዳትሸጠው ይምከሯት። ከሌላት ደግሞ በሕይወት እስካለች ድረስ ቤቱ ውስጥ የመኖር መብት እንዲኖራት በኑዛዜ ይጻፉላት፣ ልጆችዎም በእርስዎ አንደበት ይስሙት። ያኔ ልጅቱ ካለቀሰች ሌላ ነገር ነው የሚያስለቅሳት፣ እናቷ ናፍቃት ነው፤ እሱን ሕግ አይፈታውም።

የባለቤትዎ ፎቶ ግድግዳው ላይ ካለ እንዳያወርዱት። ልጆችዎ ለበዓል ሲመጡ ደግሞ ሴትየዋ ሽር ጉድ ብላ ቡና አፍልታ እንዳትጠብቃቸው፣ የእናታቸው ረከቦት ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ማየት በመጀመሪያው ቀን አይቻልም። ቡናውን ሴት ልጅዎ ታፍላ፣ ሴትየዋ እንግዳ ሆና ትምጣ፣ አንድ ሰዓት ተቀምጣ ትሂድ። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ትቆይ።